በሩ ላይ የተለጠፉት አራት ስንኞች

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ተራ ቀን። ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፣ ጠመኔ አለቀብኝ፣ ከጎረቤት ክፍል ለመንኩ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ዛሬም «ለቆጠራ» ዝግ ነው። ሦስተኛ ወሩ። ስንት መጽሐፍ ቢኖረን ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጉድ ነው! ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ግጥም ተለጥፎ ተገኘ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ስም የሌለው።

ተቀመጡ ስትሉን ተቀምጠን ቆየን፣
ተቆጡ ሳትሉን ተቆጥተን ታየን፤
ቁልፉን ደብቃችሁ በሩን ከዘጋችሁ፣
በግድግዳው በኩል እንውጣላችሁ?

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። «አንተ የቋንቋ ሰው ነህ። ድምፁንም ትርጉሙንም ተንትንና የማን እንደሆነ እስከ ዓርብ ንገረኝ። የጻፈው ይባረራል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ከቢሮ ስለ ግጥም የጠየቀኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ። ያሳፍራል… ግን ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

እራቴ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። ተ፣ ቀ፣ ጠ… ተቀመጡ፣ ተቀምጠን፣ ተቆጡ፣ ተቆጥተን። ጮክ ብሎ ላነበበው ሚስማር የሚመታ ሰው ይሰማዋል። መቀመጡ በትእዛዝ ነው፤ ቁጣውን ግን ማንም አላዘዘም። አራተኛው ላይ ደግሞ ግድግዳ… ግድ፣ ግድ… ጡጫ ነው እኮ! ጎበዝ! «ችሁ»ን በ«ችሁ» ቤት መምታቱ ግን ስንፍና ነው። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ሚስቴ ቀማችኝ። «ለሚባረር ልጅ ደግሞ ማርክ ልትሰጥ ነው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጅ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ክፍል ውስጥ ተነተንኩት። ለምን? ትንታኔዬን የሚሰማኝ ሰው ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስለ ድምፁ ብዙ አወራሁ። ወደ ትርጉሙ ስገባ፣ «"እንውጣላችሁ?" ልመና ነው፤ ገጣሚው መጨረሻ ላይ ፈርቷል» አልኩ።

ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። ዝምተኛዋ! ትምህርት ከተጀመረ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

«ፍርሃት አይደለም፣ ቲቸር። ሹፈት ነው። በትሕትና የተጠየቀ ሰው መልስ ያጣል ብዬ ነው።»

አርባ ራስ ወደ ኋላ ዞረ። ያኔ ነው ለራሷም የገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። መባረርን ያልፈራች ልጅ ግጥሟ በስህተት ሲነበብ መቻል አቃታት። እኔስ ብሆን ችዬ እቀመጥ ነበር?

ደወል ገላገለን። ግን አርባ ሰው ሰምቷል… አንዱ ቢያሾልክስ?

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ሁለት ገጽ ትንታኔ አስረከብኩ። መደምደሚያው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «አንተ?»

«እኔ።»

ግጥሙን እንደገና አነበበው። «ተው እንጂ፣ አንተንማ አውቅሃለሁ። ይሄ እኮ ጥሩ ነው።»

ይህን ሰውዬ ግጥም አይገባውም እያልኩ ስንት ዓመት አማሁት!

ቢሆንም ጉዳዩን መዝጋት ፈልጓል። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ፈረምኩ። እስከ ቤት ድረስ እያፏጨሁ ሄድኩ። ጀግና ነኛ!

ሰኞ፣ ኅዳር 11

በእረፍት ሰዓት ዝምተኛዋ መጣች። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ቲቸር፣ ግጥሜን ይመልሱልኝ።»

«ልጄ፣ ሊያባርሩሽ እኮ ነበር!»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው። አሁን ክፍል ውስጥ የሰሙኝ ልጆች ሳይቀሩ ሁሉም ሰው የእርስዎ ነው እያለ ነው። እናቴ እንኳን አላመነችኝም።»

ላወጣት ብዬ ዘረፍኳት። ተያይዘን ቢሮ ሄድን። ሳልጠራ ስገባ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። በሩን ያንኳኳችው እሷ ናት። እውነቱን የተናገረችውም እሷ ናት።

እኔ አንድ ነገር ብቻ አልኩ። «እሷን ካባረራችሁ እኔም ሥራዬን እለቃለሁ።» ድምፄ ቀጠነ… ግን አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ተወሰነ። አልተባረረችም! ለሁለት ሳምንት ታግዳለች። በዓመቱ መሀል የቋንቋ መምህር ከየት ይገኛል ተብሎ ነው አሉ፤ ይሁን፣ ለአንድ ቀን እንኳን ተፈለግሁ። ለእኔም ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ስለጻፍኩ፣ ሁለተኛው ስላልጻፍኩ። ቆጠራውም ቀጥሏል።

ከሰዓት በኋላ የእገዳ ደብዳቤዋን ዘርግታ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ይዩልኝ! "የግጥሙ ደራሲ" ብለው ሙሉ ስሜን ጽፈውታል። ማኅተምም አለው!»

ተቀብዬ አነበብኩት። እውነቷን ነው፣ ማኅተም አለው።

ቀናሁባት።