ጭጋግ የማይይዘው የአባትሽ ሄልሜት

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴንም ተሽሎኛል።

ለአባትሽ የላክሽው የሄልሜት መስታወት ደረሰ። «ይሄማ ተራ ፕላስቲክ ነው!» ብሎ አላገጠ። አየር በወጣለት ሳጥን ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ በሚበራ ጋዝ ስስ ሽፋን እንዳለበስሽው ነገርኩት። ሃ ብሎ ቢተነፍስበት፣ ቢተነፍስበት፣ ጭጋግ አልይዝ አለው! ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ሲተነፍስበት «ኧረ ጉንፋናችሁን እኔ ላይ ልትጨርሱ ነው!» ብሎ ነጠቃቸው።

አምና በዝናብ ጭጋግ ቢሸፍንበት መስታወቱን ገልጦ ሲነዳ አይደል የወደቀው? ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ እስኪሰማኝ በር ላይ እቆም ነበር። ትናንት በዚያ ዶፍ ዕቃ ሊያደርስ ወጣ፤ እኔ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ራቱን ራሱ አሙቆ በላ።

እጅሽ ይባረክ ልጄ። ካልከበደሽ፣ ያን ጊዜ ከወደቀበት ላነሳው ባልደረባው አንድ ላኪለት፤ እሱንም በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሚስት አለችው።