አራተኛው ኩሽኔታ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ኩሽኔታ አራት ያስፈልጋል። ያለን ሦስት ነው። ልጄ ናቲ ሦስቱን ክብ ብረቶች ከየት እንዳመጣቸው አልነገረኝም፤ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩትም። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጋራዥ በር ላይ የወደቀ ብረት ሁሉ የሱ ይመስለዋል። ጎማ አድርጎ ከጣውላ ስር ሊገጥማቸውና ቁልቁለት ሊወርድባቸው ይፈልጋል። መኪና እንሥራ አለኝ። እሺ አልኩት።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ አልልም ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እሱም እህቱም ደሴ ይሄዳሉ። የእናታቸው እህት አልማዝ ዘንድ ሆነው እዚያ ይማራሉ። እናታቸው ሰናይት ከምትሠራበት ዓረብ አገር ሆና ከእህቷ ጋር መከረች፣ ነገረችኝ፣ ተስማማሁ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እኔ ከብት ለማከም በሞተር ገጠር ለገጠር ስዞር ልጆቹ ብቻቸውን ነው የሚውሉት።

ልጆቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ናቲ ደሴ ፎቅ አለ ብሎ ደስ ብሎታል። እህቱ ሰብለ ምንም አላለችም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እሷ ዝም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላውቅም።

ለነገ፦ ረጅም ጣውላ። ሁለት አግዳሚ። ለመሪው አንድ ወፍራም ብሎን። ገመድ። ኩሽኔታ፣ ኩሽኔታ፣ ኩሽኔታ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ጋሽ ሰይድ እሑድም ይሠራል። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ገና አፌን ሳልከፍት ናቲን አየና ሳቀ፤ ሦስቱ ከየት እንደሄዱ እሱ ያውቃል። አራተኛውን ራሱ ፈልጎ፣ በናፍጣ አጥቦ ሰጠን። "አብሽር ዶክተር፣ ይኼ ገና ብዙ ይሽከረከራል" አለኝ። ከሌሎቹ ትንሽ ተለቅ ይላል። ናቲ ግን ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ይገባል ብሎ ወሰነ፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ሥራው እስከ ቀትር ጥሩ ሄደ። ከዚያ የፊት ኩሽኔታዎች የሚሰኩበትን ዘንግ ከአግዳሚው ጋር ለማያያዝ ሚስማር ስመታ እንጨቱ ተሰነጠቀ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ሌላ ቆረጥን፣ እሱም ተሰነጠቀ። ናቲ ሊያለቅስ ደረሰ።

ሰብለ ደፉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፍ ነበር። ቀና ሳትል "በጠፍር አይታሰርም?" አለች። ጠፍር ነበረኝ፤ በከላላ መንገድ ላሟን ያዋለድኩላቸው አንዲት እናት ገንዘብ የለኝም ብለው የሰጡኝ የበሬ ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ነከርነው። ሲለሰልስ ሰብለ ከእጄ ተቀበለችኝና ዘንጉን በእግሯ ረግጣ፣ ጠፍሩን እየሳበች እየጠመጠመች አሰረችው። ማን እንዳሳያት ጠየቅኋት። አያቴ አለች፣ ሞፈር ሲጠግን እያየሁት። አባቴ ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያው ቁጭ ብዬ አየው ነበር፤ በእጄ ግን ምንም አልቀረም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ጠዋት ጠፍሩ ደርቆ ነበር። በመዶሻ መታ ሳደርገው እንደ እንጨት ጮኸ። በዚህ ዓይነት ነገ ይነዳል አልኩ።

ቀትር ላይ ዝናቡ መጣ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ወጡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሩፋኤል አሳድገኝ እያለ ይራገጣል። ናቲ በቁምጣ ወጣ። ሰብለ ትልቅ ነኝ ብላ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቆመች፤ ቆይታ እሷም ከነቀሚሷ ገባችበት።

ናቲ ትንሽ እንደተጠመቀ ተመልሶ መጣና መኪናዋም ትውጣ አለ። እሷም ትደግ። በጣም አሳቀኝ። ከኋላ ሆኜ ገፋሁለት። ጸበሉ እስኪያባራ ድረስ መሀል ግቢ ቆመች፤ ሁሉም ልጅ እየመጣ በእጁ ዳሰሳት። ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ሞኝ ነኝ። ጠፍር ውኃ ሲነካው እንደሚላላ የዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ትናንት ግን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ስለ ሩፋኤል ዝናብ እንጂ ስለ ውኃ አላሰብንም።

መጀመሪያ ሰብለ ነዳች፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ ብላ ናቲን አሳመነችው። ከቤታችን በታች ያለችውን አጭር ቁልቁለት ግማሽ ድረስ ወረደች። ከዚያ የፊቱ ዘንግ ተጠማዘዘ፣ መኪናዋ ወደ ቦይ ዞረች፣ ሰብለ በአፍጢሟ ተደፋች። ስደርስ ጠፍሩ እንደ አንጀት ተልፈስፍሶ ነበር።

አገጯ ተላጠ። ቦርሳዬን አምጥቼ አጠብኩላት። "የከብት ነው?" አለችኝ ጠርሙሱን እያየች። አዮዲን ለሁሉም አዮዲን ነው አልኳት። አላለቀሰችም።

ማታ ሰናይት በቪዲዮ ደወለች። ሰብለ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ብርድ ነው አለች። ናቲ ሳይጠየቅ አዎ በጣም ብርድ ነው አለ። ሰናይት ዕቃቸው ተዘጋጅቷል ወይ ስትለኝ ተዘጋጅቷል አልኳት። አልተዘጋጀም። ሦስታችንም በአንድ ቀን ዋሸን።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ደመና። ጠፍሩ አልደረቀም። ናቲ በሽቦ እንሰረው ይላል። ሰብለ እምቢ አለች፤ ሲደርቅ ራሱ ያጠብቃል፣ ጠብቁ አለች። እኔ እሳት ዳር እናስጠጋው አልኩ። ይሰነጠቃል አለች። ልክ ናት።

ሥራ አልሄድኩም። ከተንታ በኩል ስለ አንድ በሬ ተደውሎልኝ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬን ላክሁት። ሻንጣ አወጣሁ። የናቲን ልብስ ጨረስኩ። የሰብለን እሷ ቀድማኝ ጨርሳለች፤ ሁሉም ነገር ታጥፎ ተደርድሮ ተቀምጧል። ይህን ሳይ መሄዱን ወዳዋለች ብዬ አሰብኩ። ልጠይቃት አጠገቧ ተቀመጥኩ። መሄድ ትፈልጊያለሽ ልላት ነበር። አገጭሽ ያምሻል ወይ አልኳት። ትንሽ አለች።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ፀሐይ። አበባየሆሽ የሚሉ ጓደኞቿ ሰብለን ሊወስዷት መጡ። አልሄደችም፤ ጠፍሩን ፀሐይ እያስመታች ነበር፣ ጥላው ሲመጣ መኪናዋን ታዞራለች። ከሰዓት በኋላ መታ አደረገችው። ጮኸ።

ዓመት በዓል ስለሆነ ከከተማው መውጫ ያለው አስፋልት ላይ መኪና የለም። እኔ ታች ቆሜ መንገዱን ጠበቅሁ። መጀመሪያ ሰብለ፣ ከዚያ ናቲ፣ ከዚያ ሁለቱ ተደራርበው። የኩሽኔታው ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው፤ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ፍሬን የለንም፤ ፍሬኑ የናቲ ጫማ ነው። ጫማው አለቀ።

ከዚያ ሰብለ ገመዱን ዘረጋችልኝ። አሁን አንተ አለች። ስንቱ ያውቀኛል፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ነበር። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬን ነካው። ወረድኩ። በጣም ጮህኩ መሰለኝ፤ ጋሽ ሰይድ ለበዓል ተጠርቶ ከሄደበት ቤት በር ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ታች ስደርስ ልጆቼ እየሮጡ መጡ። ሰብለ ስትስቅ አየሁ። አገጯን ይዛ ነበር የምትስቀው፤ ያማታል።

እሑድ፣ መስከረም 4

አልማዝ ትናንት ማታ ገባች። የሰብለን አገጭ አይታ እኔን አየችኝ። ጨዋ ሰው ናት፤ ስለ መንገዱ አወራችኝ።

ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያ ወረድን። ልንወጣ ስንል ሰብለ የረሳሁት አለ ብላ ወደ ጓሮ ተመለሰች፤ ቆየች። ስትመጣ እጇ ጥቁር ቅባት ነበር። የበር ማጠፊያ ይሆናል አልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ናቲ በመስኮቱ በኩል እጁን አወጣ። ሰብለ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አቅፋዋለች። ቻው አለችኝ።

ቤት ተመለስኩ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሁለት ወር ሲሆናቸው ይለምዳሉ፤ ሲለምዱ ደግሞ እዚህ መምጣት ይከብዳቸዋል። ከፋኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ከሥራ ስመለስ ዝናብ ጀመረ። ጠፍሩ ትዝ አለኝና ወደ ጓሮ ሮጥኩ። መኪናዋን ስስባት ወደ ቀኝ ተንጋደደች። የፊት ቀኙ ኩሽኔታ የለም። ሚስማሩ ተነቅሎ ዘንጉ ባዶውን ቀርቷል።

ተናደድኩ። ለአንድ ብረት የማይገባ ንዴት ተናደድኩ። መኪናዋን ከጣሪያው ስር አስጠግቼ በዝናብ ወጥቼ የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የጎረቤታችን ልጅ ወላሂ አልነካሁም አለኝ፤ አስፈርቼዋለሁ፣ ነገ ይቅርታ እለዋለሁ። ጋሽ ሰይድ ሌላ ልስጥህ አለ። አልፈልግም አልኩት። የፈለግሁት ያንኑ ነው። መኪናዋን ወደ ቤት አስገብቼ ከጎደለው በኩል ድንጋይ ደገፍኩላት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

አልማዝ ደወለች። ተቆጥታለች። ከሰብለ ቦርሳ ውስጥ፣ ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ቅባት የጠጣ ብረት አግኝታለች፤ አዲሱ የተማሪ ቤት ሹራብ ተበላሽቷል። ምንድነው ብላ ብትጠይቃት የኔ ነው ከማለት በቀር አልመለሰችላትም። አንተ ምን የምታውቀው አለ አለችኝ።

ስልኩን ለሰብለ ስጫት አልኳት። ሰብለ በዝግታ አለች፦

"አባዬ፣ መኪናዋን ለሰው እንዳትሰጣት ብዬ ነው። ለገና ስመጣ እኔው እገጥመዋለሁ።"

እሺ አልኳት። ከዚያ ያን ዕለት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት፦ መሄድ ትፈልጊ ነበር ወይ። አላውቅም አለች። መምጣት ግን እፈልጋለሁ አለች። ቀጥላ ጠፍሩን ዝናብ አግኝቶታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላገኘውም፣ አስገብቻታለሁ አልኳት።

የጎረቤቱን ልጅ ይቅርታ ብዬዋለሁ። መኪናዋ አልጋዬ አጠገብ ናት፤ ስወጣ ስገባ እግሬን ትመታኛለች። ኩሽኔታ ሦስት አለን፤ አራተኛው ደሴ ነው። ደስ ብሎኛል።