ጎህ ሳይቀድ የመጡት ሰዎች

ለልጄ ለዓይናዲስ፣ በሰው አገር ያለሽውን ድንግል ማርያም ከጥላዋ አታውጣሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ ላሚቱም ወልዳለች።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ የወንድሜ ልጅ መሳፍንት ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ በሬን አንኳኳ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ አይደል? ፊታቸውን እንኳ ሳላይ «ልጄን!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ለካ በስልክ አይተውሽ ደስታው አላስችል ብሏቸው ነው። በጀልባ ቀዘፋ የግሪክ ሻምፒዮን ሆነች አሉኝ፤ ያውም ለሦስተኛ ጊዜ! አሮጊት አስታምማለሁ ስትይኝ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትቀዝፊ ኖረሻል? ጅረት ስንሻገር እንኳ ቀሚሴን አልለቅ ትዪ የነበርሽው አንቺ!

ቪዲዮውን ከፈቱልኝ። ለምትሄጂበት ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀዝፊያለሽ፤ ፊት ፊቱን ማን ያይልሻል? ስትጨርሺ ደግሞ መቅዘፊያው ላይ ድፍት አልሽ። እንደገና ጮኽሁ። መሳፍንት «ደክሟት ነው እኮ፣ አክስቴ» ቢለኝም፣ ቀና እስክትዪ ነፍሴ አልተመለሰችም።

ተይው አልልሽም፤ ክንድሽን ያበርታው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሌላ ጊዜ ስታሸንፊ፣ ከመደፋትሽ በፊት እጅሽን አንዴ ከፍ አድርጊልኝ።

እናትሽ የዓለምዘርፍ፣ ከደብረ ኤልያስ