ሁለቴ የሚዘጋው መስኮት

ውድ ሹክሹክታ፣

እንደምን ከርመሃል? አሁን ባለህበት ቢሮ በዚህ ስም የሚጠራህ እንደሌለ እገምታለሁ። እኔ ግን ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሰኞ ይደውልልሃል፤ "ተመለስ፣ ቦታህ አለ" ሊልህ ነው። እሱ ሳይቀድመኝ አንድ ነገር ከእኔ እንድትሰማ ፈለግሁ። ያ ለክሊኒኩ የሠራነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለምን ይወድቅ እንደነበር አግኝቼዋለሁ።

አውቃለሁ፣ አሁን ወንበርህን ወደ ኋላ ገፋ አድርገህ "ተይኝ ባክሽ" ብለሃል። ግን አንብበኝ። የለያየን ያ ብልሽት ነውና ማወቅ ይገባሃል። ደግሞ ጠብ እንኳ አልነበረም፤ ጠብ ቢሆንማ በታረቅን ነበር።

የታካሚው ሰነድ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲታይ ብለን ሌሎች የሠሩትን ሰነድ ማሳያ አስገባንበት። እኛ ቢሮ ሲሞከር እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ክሊኒኩ ሲደርስ ድርግም። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ስትደውል ሰላምታ እንኳ ትታ ነበር። "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ይኸው ደግሞ ጠፋብኝ! ሰው ፊቴ ተገትሯል እኮ፣ ምን ልበለው?" አንተ በዚያ በማይሰማ ድምፅህ "ይስተካከላል እትዬ" ስትላት፣ "ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ!" ትልህ ነበር።

ሰርጋችንንም "ፕሮግራሙ ይረጋጋና" እያልን ገፋነው። እናቴ ግራ ገብቷት "ያ የሚወድቀው ነገራችሁ ተነሳ ወይ?" ትለኛለች፤ እኔ እስቃለሁ። አንተ ጥፋቱ የአንተ ኮድ መስሎህ ብቻህን ትቆፍራለህ፤ እኔም የእኔ መስሎኝ ብቻዬን እቆፍራለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን ስክሪን ማየት አቆምን። ምሳም ለየብቻ ሆነ። ከዚያ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘህ። "ጥሩ ዕድል ነው፣ ሂድ" አልኩህ፤ "እሺ" አልከኝ። በቃ። ሦስት ዓመት አለፈው።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ "ማሳያውን አውጥታችሁ ጣሉት" ሲል፣ እስኪ በዓይኔ ልየው ብዬ ሄጄ ካርድ ክፍል፣ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ የሚጠፋው ሰነድ ስትከፍት አይደለም፤ ስትዘጋ ነው። ያውም ወፍራም ሰነድ፣ የብዙ ዓመት ወረቀቱ ሁሉ ስካን የተደረገለት ታካሚ ሲሆን። እኛ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ስንሞክር የኖርነው በዚያች ባለ አንድ ገጽ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያህ! ፈቃዱን አልወሰድከውም እንጂ ወረቀቷንስ ስንት ጊዜ ከፍተን ዘጋናት።

ተመልሼ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ማሳያው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። መስኮቱ ሲዘጋ ማሳያውን የሚዘጋ ትእዛዝ አንተ በጻፍከው ክፍል አለ። ያው ትእዛዝ እኔ በጻፍኩትም አለ። ሰነዱ ቀጭን ሲሆን የአንተ ቶሎ ይጨርሳል፤ የእኔ ሲደርስ የሚዘጋ ነገር ያጣና ያልፋል። ሰነዱ ሲወፍር ግን የአንተ ገና እየዘጋ ሳለ የእኔ ይደርስና ያንኑ ልዝጋ ይላል፤ ፕሮግራሙም በመሃል ይሞታል።

የእኔን የጻፍኩት አባትህን ሆስፒታል በምታመላልስበት ሰሞን ነው፤ ሥራ እንዳይደራረብብህ ብዬ፣ ሳልነግርህ። የአንተንም አውቀዋለሁ። ዓይኔን አሞኝ ስክሪን ማየት ሲያቅተኝ ድርሻዬን ሸፍነህ የሰነበትክ ጊዜ የጻፍከው ነው። አንተም አልነገርከኝም። እንዲህ ነበርን፤ አንዱ ያጎደለውን ሌላው ሞልቶ እንዳላየ ያልፋል። ይህንን ነበር ፍቅር የምለው። የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ እንኳ "እኔ ዘግቼዋለሁ፣ አንቺ ተይው" ብትለኝ፣ ወይም እኔ ብልህ ኖሮ፣ ዛሬ ቤታችን ልጅ ይንጫጫበት ነበር። እናቴ አሁን ምንም አትጠይቀኝም።

ከሁለቱ አንዱን መሰረዝ ነበረብኝ። የራሴን ሰረዝኩ። በማግስቱ ሴትዮዋ ደውላ "ልጄ፣ ዛሬ እኮ አንዴም አልጠፋ!" አለችኝ። አመስግኛት መጸዳጃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሲደውልልህ ሐሳቡ የእሱ እንዳይመስልህ። የለመንኩት እኔ ነኝ። ድሮ ቢሆን ይህንንም ደብቄ፣ የመጣህ ቀን "አንተ! ምን እግር ጣለህ?" እልህ ነበር። አሁን በግልጽ እነግርሃለሁ፦ እንድትመለስ እፈልጋለሁ፤ ለሥራው ብቻ ብዬም አይደለም። ምናልባት እዚያ ሌላ ሰው አግኝተህ ይሆናል፤ ምናልባትም ልብህ ቀዝቅዟል። እንዲያ ከሆነ እኔን እንዳይከፋኝ ብለህ ለእሱ ሰበብ አትደርድርለት። ለእኔው ደውለህ "አልመጣም" በለኝ። ይከፋኛል፤ ግን እችለዋለሁ። ዝም ካልከኝ ግን ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ስፈልግ ልኖር ነው።

መልስህን የምትጠብቅ፣
የጠረጴዛ ጎረቤትህ