የጋራዡን ኃላፊ ወንድሜ ላደረጉልኝ ለአቶ አበጋዝ

ለተከበሩ አቶ አበጋዝ
የምርምር ማዕከላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤትዎም የሞቀ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የስንዴ በሽታ ተመራማሪዋ ናኢማ አክመል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የቤተ ሙከራችን ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ የቢሮዎቹ ደግሞ በዊንዶውስ። ፋይል የሚቀመጠው ግን በአንድ የጋራ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዳችን በሁለቱም በኩል አካውንት አለን። የቤተ ሙከራዋ ናኢማና የቢሮዋ ናኢማ አንድ ሰው መሆኗን ለሰርቨሩ መንገር የእርስዎ ሥራ ነበር፤ እርስዎም በታላቅ ትጋት ነገሩት።

አንደኛ፣ ሁለቱን አካውንቶች የሚያዛምደው ፕሮግራም የቤተሰብ ስም ሲጠይቅዎ የአባቶቻችንን ስም ሞልተው፣ የአክመልን ልጆች ሁሉ አንድ ሰው ስላደረጉልን እጅግ አመሰግናለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የቀደመው የጋራዡ ኃላፊ አብዱረህማን አክመል ስለሆነ፣ እኔ በቤተ ሙከራ የማስቀምጠው ሁሉ በቢሮ በኩል የእሱ ንብረት ሆነ። አባቴ ጢቾ ኖረው ጢቾ የተቀበሩ፣ አራት ሴቶች ልጆች ያሳደጉ ሰው ነበሩ፤ ወንድ ልጅ እንዳላቸው እናቴም የሰማችው ከእርስዎ ሰርቨር ነው። ኧረ እንዴት ያለ ጉድ ነው! ፈረንጅ አገር አንድ ስም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይወረስ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን አክመል የአባቴ ስም ብቻ መሆኑን፣ አሰላ ተወልደው ያደጉት እርስዎ እንዴት ሳቱት?

ሁለተኛ፣ በመስከረም ኢተያ አካባቢ ባሉ ማሳዎች ላይ ቢጫ ዋግ አገኘሁ። ይህ በሽታ ቶሎ መድኃኒት ካልተረጨለት ስንዴውን ይጨርሰዋል። ማስጠንቀቂያ ልልክ ቢሮዬ ገብቼ የራሴን ፋይል ብነካ፣ ሰርቨሩ አይፈቀድልሽም አለኝ። አብዱረህማን ጨዋ ሰው ነውና፣ የመኪና ጥገና ፋይሉን ሊከፍት ገብቶ የታመመ የስንዴ ቅጠል ፎቶ ሲያገኝ ደንግጦ ጠራኝ። በእሱ በኩል ያወጣነው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የጋራዥ ኃላፊ ስም ስለሰፈረበት፣ አለቆችዎ አይላክም ብለው መለሱት። እውነታቸውን ነው፤ ጋራዥ ስለ ዋግ ምን አገባው!

ሦስተኛ፣ ላመለክትዎ ስመጣ የሰጡኝ ምክር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰርቨሩን ያዋቀረው ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመለስ ድረስ በአብዱረህማን የይለፍ ቃል ገብቼ እንድሠራ ነገሩኝ። አላደርገውም። ማሳ ለማሳ ጭቃ እያቦካሁ ያየሁትን በራሴ ስም እናገራለሁ፤ ብሳሳትም የምጠየቀው እኔ ልሁን እንጂ ምስኪኑ ሰውዬ አይደለም።

አራተኛው የእርስዎ ክስ ስለሆነ ቁጥሩን በክብር ለእርስዎ ለቅቄዋለሁ። ስንዴው ባለሙያዎን አይጠብቅም ብዬ፣ በገበያ ቀን ኢተያ ወርጄ፣ ከእህል ነጋዴዎች ድምፅ ማጉያ ተውሼ፣ ስሜን ከነአባቴ ጠርቼ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ገበሬው እንዲረጭ ተናገርኩ። እርስዎም የማዕከሉን መረጃ ያለ ፈቃድ በማውጣቴ የይቅርታ ደብዳቤ እንድፈርም፣ አለዚያ ከሥራ እንደምታገድ አሳወቁኝ።

አልፈርምም። እገዳውን ዛሬውኑ ይጻፉልኝ። ዋጉ ወደ ጢቾ ከወጣም ጢቾ ገበያ መሐል ቆሜ እናገራለሁ፤ ለዚያ ደግሞ የማንም አካውንት አያስፈልገኝም። ይህን ደብዳቤ እንደ ይቅርታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣

በሰርቨርዎ ዘንድ የጋራዥ ሠራተኛ፣ በወለደቻት እናት ዘንድ ግን
ናኢማ አክመል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከኢተያ አንድ አዛውንት ደውለው መረቁኝ። ገበያ ላይ ሰምተውኝ በማግስቱ ስለረጩ ማሳቸው ተርፏል። የባለቤትዎ አባት መሆናቸውን ያወቅሁት ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ነው፤ አማቻቸው እዚያው ማዕከል ተቀምጦ ሳለ ለምን እንዳልነገራቸው ጠየቁኝ። እኔ የማዕከሉን መረጃ ያለ ፈቃድ ማውጣት ስለተከለከልኩ፣ መልሱን ከእርስዎ እንዲሰሙ ነግሬያቸዋለሁ።