ለማርያም የተሳልሽው ጥላ

ሞጣ፣ ኅዳር

ውድ እታለም ይርጋነሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ስልክ ስደውል «በሽታ» የሚለውን ቃል ሳልጨርሰው ስለምትዘጊብኝ በወረቀት መጣሁብሽ። ለባልሽ ለጋሼ ሀብተ ሥላሴም አንብቢላቸው፤ ግን እስከ መጨረሻው ይሁን።

በጥቅምት ከቢቸና መጥተሽ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ስትቆሚ የነበረው ፊትሽ አይረሳኝም። ጥግ ይዘሽኝ ሄድሽና በጆሮዬ፣ «የሴት ልማዴ ተመለሰ! ከስንት ዓመት በኋላ! ሣራን የጎበኘ አምላክ እኔንም ጎበኘኝ» አልሽኝ። ሣራ ሳቀች ይባላል፤ አንቺም ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ ሳቅሽ። በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ ከልጃገረዶቹ ጋር ከቅጽሩ ውጭ ቆመሽ ማስቀደስ ጀምረሻል። ጎረቤቶችሽ ከቄሱ ጋር የተጣላሽ መስሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ባለመግባቷ ደስ የሚላት ሴት ካንቺ በቀር አላየሁም።

«አዋላጇ አንቺ እያለሽልኝ ሌላ ማን እጅ ላይ እወልዳለሁ?» ስትይኝ ምን ልመልስልሽ? አዋላጅ ነኝና ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አይቶ የማህፀንሽ ውስጠኛ ሽፋን ከልክ በላይ መወፈሩን ሲነግርሽ፣ ልጅ እንዳልሆነም ነግሮሽ ነበር። «ሐኪም ምን ያውቃል፤ ከፈለገ ናሙናውን ይውሰድ» አልሽ። ወሰደ። ውጤቱ ካንሰር ነው፤ ይኸው ጻፍኩት። ገና ከማህፀንሽ አላለፈም። ማህፀንሽ ቶሎ ከወጣ የመዳን ተስፋሽ ብዙ ነው።

ኃጢአትሽ እንዳይመስልሽ። ያ ሽፋን በወጣትነት በየወሩ እያደገ የሚረግፍ ነው። ሴሎቹ በገዛ ፈቃዳቸው አይነሡም፤ በደም የሚላክ መልእክት ይጠብቃሉ። አንዱ መልእክት «እደጉ» ይላል፣ ሌላው «በቃችሁ» ይላል። ደቦ ላይ ጎበዞቹን የሚያሟሙቅ ሰው አለ፤ ድንበር ሲደርሱ ደግሞ «ይበቃል ልጆቼ» የሚል ሽማግሌ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ያ ሽማግሌ ዝም ይላል። «እደጉ» የሚለው ግን ከሰውነት ስብ እየመነጨ በቀስታ ይቀጥላል። ሴሎቹም ከዕድሜ ጋር ስሕተት አጠራቅመዋል፤ መስማት ትተዋል፤ ማንም ሳይጠራቸው ይባዛሉ። እንዲህ እያሉ ድንበር አልፈው የጎረቤት ማሳ ያርሳሉ። እታለም፣ ልጅነትሽ አልተመለሰም። የደማው እርጅናሽ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስጀምር፣ «እግዜር የሰጠኝን በቢላ አታስነኪብኝ!» ብለሽ ዘጋሽው። የቅኔ ሰው ናቸውና መልስ አያጡም ብዬ ጋሼን ባናግራቸው፣ «እኔ አርጅቻለሁ እንጂ እግዚአብሔር አላረጀም ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት ልጄ?» አሉኝ።

ሣጥንሽ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልሽው፣ ታቦት ሲወጣ የሚያዝ ጥላ አለ። ልጅ ከሰጠሽኝ ብለሽ ለማርያም የተሳልሽው ነው። ልጅ ሆኜ ልከፍተው ስል እጄን መተሽ፣ «ተይው፣ ባለቤቱ ገና አልመጣም» አልሽኝ። ዘንድሮ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አሰጣሽው አሉኝ። ይህን ስሰማ ክፉኛ አለቀስኩ። ላልተረገዘ ልጅ ቀናሁ፣ እታለም።

አባቴ ሲሞት፣ የልጅ ብዛት እህትሽን፣ እናቴን ሲከብዳት፣ ከግንደወይን አዝለሽ ያመጣሽው ልጅ እኔ አይደለሁም? «እማ» ልልሽ ስል፣ «እናትሽ ቆማ እየሄደች ነውር ነው፤ እታለም በይኝ» አልሽኝ። ታዘዝኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደታዘዝኩ ነኝ።

መጀመሪያ የወር አበባ ያየሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ቤተ ክርስቲያን አትገቢም ስባል አፍሬ አለቀስኩ። አንቺ ንጹሕ ነበርሽ፤ መግባት ትችዪ ነበር። ግን «ብቻዋን አትቆምም» ብለሽ ከእኔ ጋር ከውጭ ቆመሽ አስቀደስሽ። ያንለት ካፊያ ነበር፤ ነጠላሽን ለሁለት ለበስነው። ሰው እያለፈ ሲያይሽ ምን ይለኛል አላልሽም። እናት እንዲህ ካልሆነች እኔ ሌላ እናት አላውቅም።

ሰኞ ባሕር ዳር ሆስፒታል አልጋ ተይዞልሻል። እኔ ቅዳሜ ቢቸና እገባለሁ። እሑድ ጥላውን ከሣጥን እናወጣና ጋሼ ይዘውት ይግቡ። «ስለቱ በማን ደረሰ?» ሲሏቸው የእኔን ስም ይንገሩ። አንቺና እኔ እንደ ያኔው ከቅጽሩ ውጭ አብረን እንቆማለን። ካፊያ ከመጣም ነጠላዬ ሰፊ ነው።

ሰኞ አልሄድም ካልሽ ጎትቼ አልወስድሽም፤ አቅሙም የለኝም። ብቻ ማርያምን «ልጅ አልሰጠሽኝም» እንዳትያት።

ልጅሽ
ስርጉት