ስልሳ ዘጠኟ ለምን አልሞቅ አለች

ኡቭስ፤ የነብር ዓመት፣ ነጭ ወር እንዳለፈ

ለባለቤቴ ለዳግቫ፣

ክረምቱን በሰላም እያሳለፍክ ነው? ባገራችን ይህ ሳይጠየቅ ደብዳቤ አይጀመርምና ጠየቅሁህ። መልሱን ለራስህ ያዘው። እኛ በሰላም አላሳለፍንም።

ለነጭ ወር፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ የላክኸው ካርድ ደርሶኛል። ስለ ስልሳ ዘጠኟ፣ አባትህ ስለተዉልን አሮጌ የሩሲያ ጂፕ፣ ከካርዱ ጀርባ «ያን ሞተር አውርዳችሁ ጣሉት፤ ከኮርያ የናፍጣ ሞተር እልካለሁ» ብለሃል። ለሽማግሌው ባልዳን አነበብኩለት። በኅብረት ሥራው ዘመን ስልሳ ዘጠኝ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው።

«በፍየል ጀርባ ላይ የግመል ሻኛ ሊተክል ነው እንዴ?» አለ። «ካምቢዮው አይገጥም፣ የሞተር መቀመጫው አይገጥም። ኮርያ ድረስ ሄዶ ኢንቾን ላይ የሚሠራው ምንድን ነው፣ ምክር ማምረት ነው?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንተ በመከር ከሄድክ ጀምሮ መኪናዋ አልሞቅ ብላለች። ኮፈኖዋን በበግ ቆዳ ሸፈንኩላት፣ አልሆነም። ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ስታይ ትለግማለች። ማሞቂያዋ የሚነፋው ብርድ ነው። የእናትህን ደረት ታውቀዋለህ። በጎቹ ሳይወልዱ ወደ ጸደዩ ሰፈር መጓዝ አለብን፤ ያን ሁሉ መንገድ በዚያች በረዶ ቤት ይዣት ብሄድ የምቀብራት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

ባልዳን ጭሷን አይቶ «የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል» አለኝ። ሞተሩን ልንከፍት፣ ቀለበት ልንቀይር፣ ቫልቮቹን ልንሞርድ ተማከርን። የስልሳ ዘጠኝ ዕቃ ዛሬ ከየት ይገኛል? ወደ ኡላንባታር የሚመላለሰው ሹፌር የዕቃ ገበያውን ሲያስስ ሰንብቶ ቀለበትና የቴስታታ ጋስኬት አመጣልኝ። በለውጡ ቡላ ፈረስህን ሰጠሁት። አዎ፣ ያንተን ቡላ።

«ዳግቫ ሲሰማ ያብዳል» አለኝ።

«ይበድ» አልኩት።

ታዲያ ባልዳን ሞተሩን ሊከፍት የውሃውን ቱቦ ነቅሎ ገና ወደ ውስጥ ሲያይ መፍቻው በእጁ ቀረ።

«ኻንዳ፣ ነይ እስቲ። ቴርሞስታቱ የታለ?»

«ምኑ?»

«ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው በር ነዋ! ቦታው ባዶ ነው። በዚህ ብርድ በር የሌለው ድንኳን ይሞቃል?»

ሄዶ ከአንድ የተጣለ የጭነት መኪና ላይ የሚመሳሰል ነቅሎ መጣ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት በድስታችን ውሃ ውስጥ ከቶ ምድጃ ላይ ጣደው። ውሃው ሲፈላ ያች የነሐስ ነገር ቀስ ብላ ተከፈተች። ይህን ጊዜ እናትህ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣

«እንዴ! ይሄንንማ ልጄ ይዞት ሄዷል!» አለች።

«ምን አልሽ እማ?»

«በሄደ ዕለት ጠዋት ከሞተሩ አውጥቶ በሰማያዊ ሐር ጠቀለለና ብብቱ ውስጥ ከተተው። ክታብ መስሎኝ እኔው ባረኩለት!»

ባልዳን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውጭ ወጣ።

ፈረስ ስንሸጥ በረከቱ አብሮ እንዳይወጣ ከጋማው ጸጉር ነቅለን እናስቀራለን። አንተ ደግሞ መኪናዋ ጋማ የላትምና ከሆዷ ነቀልክ። አንተ ብልጥ! አንዲት የበር ብሎን ብትወስድ፣ የሲጋራ መተርኮሻዋን ብትወስድ በረከቱ እምቢ ይልህ ነበር? ቀለበቶቹ አሁንም እንደታሸጉ ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል። ፈረሱ ለከንቱ ሄደ።

ያቃጠለኝ ግን ይህ አይደለም። ቤንዚኑም አይደለም። ጸጉር የሚነቀለው ከሚሸጥ ነገር፣ ዳግም ከማይመለሱለት ነገር ነው። እኔ ሞኟ ክረምቱን ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ለግልገሎቹ ይደርሳል» ስል ነው የከረምኩት። አንተ ለካ ያን ዕለት ጠዋት ተሰናብተኸን ጨርሰሃል።

አሁን ሞቃለች። ትናንት ስንሞክራት እናትህ እጇን ማሞቂያው ላይ ዘርግታ «ዳግቫ የመጣ መሰለኝ» አለች። ነገ እንነሳለን።

ሞተር አትላክ። ያችን በሐር የጠቀለልካትንም በፖስታ እንዳትልክ፤ አልቀበልም። የወሰደ እጅ ራሱ ይመልሳት።

እናትህ መንገድህ ነጭ ይሁን ትልሃለች። እኔ የምለው የለኝም።

ኻንዳ

ሳልረሳው፦ ቡላውን ሳስረክብ ከጋማው ነቅያለሁ። ያንተ በረከት ከቤቴ ምን ይሠራል ብዬ ጸጉሩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሃለሁ። ግማሹን ነው።